ንብ ፀጉረ ልውጥን እንዴት ትለያለች? እኛስ?

ከላሊበላ በስተሰሜን፣ ወደ ሰቆጣ በሚያቀናው መንገድ በኩል ብልባላ የምትባል ከተማ አለች። አካባቢው፣ እንደ ላስታ ደጋ ሁሉ፣ በማር የታወቀ ነው። ከዓለት በተፈለፈለው በብልባላ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ንቦች ከምእመናን ጋር አብረው ይኖራሉ፤ ማራቸውም ለሕመምተኛ ፈውስ ተብሎ ይሰጣል። የላሊበላ ስም ራሱ ከንብ ጋር የተያያዘ ነው። በትውፊቱ መሠረት ንጉሡ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፣ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን እንዳወቁለት ቆጥራ ስሙን አወጣችለት።

እኛ ዛሬ ወደ ንቦቹ የምንሄደው አንድ ጥያቄ ይዘን ነው። አንድ ቀፎ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ንቦች ሊኖሩ ይችላሉ። ቀኑን ሙሉ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። በመካከላቸው ግን ከሌላ ቀፎ ማር ልትሰርቅ የመጣች ንብ ልትኖር ትችላለች። ታዲያ ቤተኛዋን ከሌባዋ እንዴት ነው የሚለዩት? ሲሳሳቱስ ምን ይፈጠራል?

ጥያቄው ለእኛም ነው። ባለፉት ዓመታት በሬዲዮ፣ በቀበሌ ስብሰባ ወይም በፌስቡክ «ፀጉረ ልውጥ ስታዩ ጠቁሙ» የሚል ማሳሰቢያ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፀጉረ ልውጥ ማለት በአካባቢው የማይታወቅ፣ እንግዳ የሆነ ሰው ማለት ነው። አንድ ማኅበረሰብ ፍርሃት ውስጥ ሆኖ እንግዳን ሲመረምር ስንት ጊዜ ይሳሳታል? ብዙዎቻችን ከምንገምተው እጅግ በላይ። ምክንያቱን ደግሞ በወረቀትና በእስክሪብቶ ማስላት ይቻላል።

በር ጠባቂዋ

በቀፎው አፍ ላይ ጠባቂ ንቦች ይቆማሉ። የምትገባውን ንብ በአንቴናቸው ነካ ነካ አድርገው ያሸቷታል። እያንዳንዱ ቀፎ የራሱ ሽታ አለው፤ ንቦቹ ከሚኖሩበት ሰም የሚወስዱት ሽታ ነው። የመጪዋ ሽታ ከቀፎው ሽታ ጋር ከተቀራረበ ትገባለች። ከራቀ ትነከሳለች፣ ትገፈተራለች፣ ሲብስም ትነደፋለች።

ችግሩ ሽታ እንደ መታወቂያ ካርድ ቁርጥ ያለ ነገር አይደለም። የአንድ ቀፎ እህትማማቾች ሽታ እንኳ ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ የጎረቤት ቀፎ ሽታም አንዳንዴ ይቀራረባል። ስለዚህ ጠባቂዋ አንድ ቦታ ላይ መስመር ማስመር አለባት፦ መጪዋን ለመጠርጠር ምን ያህል ልዩነት ይበቃል? ይህን መስመር «ደፍ» እንበለው፣ እንደ በር ደፍ።

ደፉ የትም ይሁን የት፣ ሁለት ዓይነት ስህተት ይኖራል። ደፉ ከፍ ካለ፣ ማለትም ጠባቂዋ በትንሽ ልዩነት የማትጠረጥር ከሆነች፣ ሌባ ያልፋል። ይህ ያመለጠ አደጋ ነው። ደፉ ዝቅ ካለ፣ ማለትም በትንሽ ልዩነት የምትጠረጥር ከሆነች፣ ሌባ ይያዛል፤ ግን የገዛ እህቷም በር ላይ ትነከሳለች። ይህ ደግሞ የሐሰት ማንቂያ ነው። ደፉን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በማድረግ ብቻ ሁለቱንም ስህተት በአንድ ጊዜ መቀነስ አይቻልም። አንዱን ስትቀንሱ ሌላው ይጨምራል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የራዳር ባለሙያዎችን ያስጨነቃቸው ይኸው ነገር ነበር። ስክሪኑ ላይ የታየችው ነጥብ የጠላት አውሮፕላን ናት ወይስ የወፍ መንጋ? ከዚያ ጥያቄ የተነሳው ስሌት ዛሬ ከጭስ ጠቋሚ መሣሪያ እስከ ካንሰር ምርመራ ድረስ ይሠራበታል።

አሁን ወደ ንቦቹ እንመለስ። በእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ጠባቂ ንቦችን በተለያየ ወቅት ተከታትለው ነበር። አበባ በሞላበት ጊዜ ጠባቂዎቹ ዘና ይላሉ፤ የሌላ ቀፎ ንብ እንኳ ሳትነካ ታልፋለች። አበባ ሲጠፋና ቀፎ ለቀፎ መዘራረፍ ሲጀመር ግን ባዕድን ይመልሳሉ፤ ከራሳቸው ቀፎ ንቦችም አንዳንዶቹን ይመልሳሉ። ልብ በሉ፣ የጠባቂዋ የማሽተት ችሎታ አልተለወጠም። ደፉ ነው የወረደው። ያወረደው ደግሞ እውነተኛ አደጋ ነው፤ ሌቦቹ በርግጥም መጥተዋል።

እባብ ያየ

የእኛስ ደፍ? አበው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብለው ጨርሰውታል። እባብ ያጋጠመው ሰው መሬት ላይ የወደቀች ልጥ ሲያይ ይደነግጣል። ሰውየው ሞኝ አይደለም፤ ከዚህ በፊት እባብ አይቷል።

ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በተገኙበት የድጋፍ ሰልፍ ላይ የእጅ ቦምብ ተወረወረ። 2 ሰዎች ሞቱ፤ ከ100 በላይ ቆሰሉ። ይህ እውነተኛ እባብ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በሻሸመኔ ስታዲየም ሌላ ትልቅ ሕዝብ ለአቀባበል ተሰብስቦ ነበር። በመሐል «ቦምብ የያዘ ሰው አለ» የሚል ወሬ ተነዛ። የተጠረጠረው ሰው በሕዝብ ተደብድቦ ተገደለ፤ አስከሬኑም በአደባባይ ተሰቀለ። ቦምብ አልተገኘም። ምስሉ በስልክ ተቀርጾ አገሩን ሁሉ አዳረሰ።

ሦስት ወር እንኳ አልሞላም፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች በተመሳሳይ መንገድ ተገደሉ። ወሬው «ልጆቻችንን እየመረዙ ነው» የሚል ነበር። ሄደው የነበረው ለልጆቹ ጤና የሚጠቅም ጥናት ለመሥራት ነው። ለጥናት ገጠር የምንወጣ ሰዎች ይህን ቀን አንረሳውም።

ሁለቱንም ድርጊት «አረመኔነት» ወይም «ድንቁርና» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ገዳዮቹ በሕግ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ግን ምክንያቱን የክፉ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አድርገን ከያዝነው ነገ ለሚደገመው አንዘጋጅም። ብዙ ደህና ሰዎች ባሉበት አካባቢም እንዲህ ያለ ስህተት እንዴት እንደሚፈጠር ቁጥሩ ያሳያል።

እስቲ እናስላ

10,000 ሰው የሚኖርባት ከተማ አስቡ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔ የመረጥኳቸው ናቸው፤ ስትፈልጉ ቀይሯቸው። በከተማዋ 10 እውነተኛ ሰርጎ ገቦች አሉ እንበል። ነዋሪው ደግሞ ጎበዝ ጠባቂ ነው፤ ከ100 ሰርጎ ገብ 90ውን ይለያል። ንጹሕ ሰው ላይ ሲሳሳት ከ100 በ5ቱ ላይ ብቻ ነው። ጥሩ ችሎታ አይደል?

ከ10ሩ ሰርጎ ገቦች 9ኙ ይጠረጠራሉ። ከ9,990 ንጹሐን ደግሞ 5 በመቶው፣ ማለትም 500 ያህሉ ይጠረጠራሉ። በድምሩ 509 ተጠርጣሪ አለን፤ ከእነሱ ውስጥ እውነተኛው 9 ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ከ100 ተጠርጣሪ 98ቱ ንጹሕ ነው። ጠባቂው 90 በመቶ ጎበዝ ሆኖ እያለ!

ለምን መሰላችሁ? ንጹሐን በጣም ብዙ ስለሆኑ ነው። ትንሽ ስህተት በብዙ ሕዝብ ሲባዛ ትልቅ ቁጥር ይሆናል። «አደጋው ግን ካሰብከው ይበዛል» ካላችሁኝ እሺ፣ ሰርጎ ገቦቹን አሥር እጥፍ አድርገን 100 እናድርጋቸው። ያኔ 90 ሰርጎ ገብና 495 ንጹሕ ሰው ይጠረጠራል። አሁንም ከ100 ተጠርጣሪ 85ቱ ንጹሕ ነው።

አሁን ፍርሃት እንጨምርበት። ወደ መጀመሪያው ቁጥር፣ ወደ 10ሩ ሰርጎ ገቦች እንመለስና ሰዉ «አንድም እንዳያመልጠን» ብሎ ደፉን አወረደ እንበል። 10ሩም ተያዙ። በንጹሐን ላይ የሚሠራው ስህተት ግን ከ5 ወደ 20 በመቶ ወጣ። የሚጠረጠሩት ንጹሐን ወደ 2,000 ይጠጋሉ። አንድ ተጨማሪ ሰርጎ ገብ ለመያዝ 1,500 ያህል ተጨማሪ ንጹሐን ተጠረጠሩ ማለት ነው።

ሒሳቡ ግን መውጫውንም ያሳያል። ወደ 509ኙ ተጠርጣሪዎች እንመለስ። ለእነዚህ ብቻ ሌላ ማጣሪያ እናድርግ፤ ችሎታው ያው 90 እና 5 በመቶ ይሁን። ሁለተኛውን ማጣሪያ 8 ያህል ሰርጎ ገቦችና 25 ንጹሐን ይቀሩበታል። ሦስተኛ ማጣሪያ ስንጨምር 7 ሰርጎ ገቦችና 1 ንጹሕ ይቀራሉ። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ትክክል የሚሆነው ከ100 በ2ቱ ብቻ ነበር፤ ከሦስት ማጣሪያ በኋላ ወደ 85 ደረሰ። ዋጋም አለው፦ 2 ተጨማሪ ሰርጎ ገቦች አመለጡ። እሱን መካድ አይገባም።

አንድ ወሳኝ ቅድመ ሁኔታ አለ። ማጣሪያዎቹ አንዱ ከሌላው የማይቀዳ፣ ራሱን የቻለ መሆን አለበት።

ሙዝ ሙዝ የሚሸት ጩኸት

ንብ ስትናደፍ ከመንደፊያዋ አካባቢ አንድ ሽታ ይወጣል። በ1962 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የዚህን ሽታ ዋና ቅመም ለይተውታል፤ ኢሶፔንታይል አሲቴት ይባላል፣ ሙዝ ሙዝ ይሸታል። ሽታው ሌሎችን ይቀሰቅሳል። እነሱም ሲናደፉ ሽታው ይጨምራል፤ ሲጨምር ደግሞ ብዙዎች ይመጣሉ። ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያ ሲጠጋ የሚያፏጨውን ታውቁታላችሁ አይደል? ድምፁ ከማጉያው ወጥቶ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ይጎላል። የንቦቹም ነገር እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ አሥረኛዋ ንብ ጠላትን አይታ አልመጣችም። የመጣችው ዘጠኙ ስለመጡ ነው።

በሕዝብ መሐልም ይኸው ይሆናል። አንድ ሰው «ቦምብ ይዟል» ብሎ ይጮሃል። ሁለተኛው ሰምቶ ይደግማል። ሦስተኛው ከሁለት ሰው ስለሰማ እርግጠኛ ይሆናል። መቶኛው «ሰው ሁሉ እያለ ነው» ይላል። መቶ ምስክር ያለ ይመስላል፤ በሒሳቡ ግን ማጣሪያው አንድ ብቻ ነው፣ የመጀመሪያው ሰው ዓይን። ትክክል የመሆን ዕድሉም ያው ከ100 2 ነው። የተለወጠው የሰዉ እርግጠኝነት ብቻ ነው። በቴሌግራም 50 ጊዜ የደረሳችሁ ፎቶም 50 ማስረጃ ሊመስል ይችላል፤ ምንጩ አንድ ከሆነ ግን አንድ ነው።

ደፉ በአዋጅ ሲወርድ

ይህ የመንጋ ችግር ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ተቋማትም ደፍ አላቸው።

ላሊበላ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች። ለላስታ ሰው ጦርነቱ በሬዲዮ የሚሰማ ዜና አልነበረም፤ ደጁ ላይ ነበር። ጦርነቱ ወደ ደቡብ ሲገፋ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በጥርጣሬ ማሰርን ፈቀደ። በአዲስ አበባ ነዋሪው ሰፈሩን እንዲጠብቅ፣ የሚጠረጥረውን እንዲጠቁም ተጠየቀ። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ በብሔር ማንነት ላይ የተመሠረተ እንደሚመስልና ልጆች የያዙ እናቶችና አረጋውያን ጭምር እንደታሰሩ ገልጾ ስጋቱን አሳወቀ። አዋጁ የተነሳው በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነው።

ከላይ ባሰላነው ሒሳብ እዩት። አደጋው እውነተኛ ነበር። መለያው ግን የሰው ስም ወይም አነጋገር ሲሆን በአንዴ ብዙ ሺህ ንጹሐንን ያካትታል። ፍርድ ቤት ደግሞ ሁለተኛው ማጣሪያ ነው። ደፉን አውርዶ በዚያው ቀን ሁለተኛውን ማጣሪያ ማንሳት የሚያስከትለውን ከ509ኙ መረዳት ይቻላል።

ከሌላው ዓለም አንድ ጥንድ ምሳሌ ልጨምር። መስከረም 1 ቀን 1983 እ.ኤ.አ.፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ፍጥጫ ወቅት፣ የሶቪየት ኅብረት ተዋጊ ጄት መንገዱን የሳተ የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን መትቶ ጣለ፤ 269 ሰዎች አለቁ። በዚያው ወር በ26ኛው ቀን ደግሞ የሶቪየት ሳተላይቶች «ከአሜሪካ 5 ሚሳኤሎች ተተኩሰዋል» የሚል ማንቂያ ሰጡ። ተረኛው መኮንን ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ቆም ብሎ አሰበ። እውነተኛ የኑክሌር ጥቃት ቢሆን በ5 ሚሳኤል ብቻ አይጀመርም። ሲስተሙም አዲስ ነው። ለአለቆቹ የሐሰት ማንቂያ ነው ብሎ ሪፖርት አደረገ። የምድር ራዳሮችም ምንም አላዩም። ሳተላይቱን ያሳሳተው ከደመና ላይ የተንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን ነበር። አገሩ አንድ፣ ወሩ አንድ፣ ፍርሃቱም አንድ ነው። ሁለተኛው ላይ ግን አንድ ሰው ማንቂያውን ከማመኑ በፊት ከሌላ ነገር ጋር አመሳከረው።

ጭስ ማጨስ እና ቀፎውን መድፈን

ማር ቆራጭ ወደ ቀፎ ሲጠጋ ጭስ ያጨሳል። ጭሱ ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ የንቦቹ አንቴና ለዚያ የማንቂያ ሽታ ያለውን ስሜት ለጊዜው ማደብዘዝ ነው። ንቦቹ አይሞቱም፣ ቀፎውም አይዘጋም፤ ጩኸቱ እየተባዛ መሄዱ ይቀንሳል።

በወሬ ላይም እንዲህ ያለ ጭስ ተሞክሯል። በ2018 እ.ኤ.አ. በሕንድ «ልጅ ሌቦች መጡ» በሚል የዋትሳፕ ወሬ ብዙ ንጹሐን በመንጋ ከተገደሉ በኋላ፣ ኩባንያው አንድን መልእክት በአንዴ ማስተላለፍ የሚቻለው ለ5 ብቻ እንዲሆን አደረገ። በ2020 እ.ኤ.አ. ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት ለ1 ብቻ እንዲተላለፍ ሲያደርግ፣ የእነዚህ መልእክቶች ዝውውር በ70 በመቶ መቀነሱን አስታወቀ። ማንም መናገር አልተከለከለም፤ ፍጥነቱ ብቻ ቀነሰ።

እኛ አገር የተለመደው መፍትሔ ኢንተርኔት መዝጋት ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ይህ ቀፎውን በጭቃ እንደ መድፈን ነው። አንዳንድ ወሬ ይዘገይ ይሆናል፤ ግን «እውነት ነው?» ብሎ መጠየቂያው መንገድም አብሮ ይዘጋል። ማጣሪያ በሌለበት ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድ ወሬ ደግሞ የት እንደሚደርስ የአዲስ ዓለሙ ታሪክ ነግሮናል።

ከጩኸት እስከ እጅ

«አትፍሩ» የሚል ምክር የለኝም። ዛሬ ላስታ ውስጥ ለሚኖር ወጣት እንዲህ ብሎ መምከር ቀልድ ነው። ደፍ መውረዱ አይቀርም። ልንሠራበት የምንችለው ቦታ በጥርጣሬውና በድርጊቱ መካከል ያለው ነው።

በመጀመሪያ ምስክሮችን ሳይሆን ምንጮችን ቁጠሩ። «አንተ ራስህ አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው?» የምትለዋ ጥያቄ መቶ ምስክርን ወደ አንድ ልትመልስ ትችላለች።

ቀጥሎ ከዚያ ሰንሰለት ውጭ የሆነ ማጣሪያ ፈልጉ። አገራችን ይህን ታውቅበታለች። እንግዳ ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ? ከየት መጣህ?» ብሎ መጠየቅ የቆየ ባህል ነው። መልሱን በአንድ የስልክ ጥሪ ከመጣበት ቀበሌ ማረጋገጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ማጣሪያ ነው። ተመራማሪዎችም ከጤና ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ መያዛችን ብቻውን አይበቃም። ደብዳቤው የሚጠቅመው የቀበሌው ሰው፣ የሃይማኖት አባቶችና የዕድር ዳኞች ቀደም ብለው ከሰሙ ነው። ሕዝቡ በተቆጣበት ሰዓት ከኪስ የሚወጣ ወረቀትን ማንም አያነበውም።

በመጨረሻ ሊቀለበስ የሚችለውን ከማይቀለበሰው ለዩ። በምሕንድስና አንድ ማሽን በሐሰት ማንቂያ ቢቆም ተመልሶ ይነሳል፤ ስለዚህ ማቆሚያውን በቀላሉ የሚነካ አድርገን እንሠራዋለን። ሊመለስ የማይችል እርምጃ የሚወስድ ከሆነ ግን አንድ ጠቋሚ አንሰማም፤ ሁለትና ሦስት ጠቋሚ እስኪስማማ እንጠብቃለን። የተጠረጠረን ሰው ከብቦ ሳይነኩ ፖሊስ እስኪመጣ መጠበቅ ይቀለበሳል፤ ንጹሕ ከሆነ ይቅርታ ተጠይቆ ቤቱ ይገባል። ድንጋይ ከተወረወረ በኋላ ግን ይቅርታ የሚጠየቀው ሰው የለም።

ንብ ሰውን ስትነድፍ መንደፊያዋ ቆዳ ውስጥ ይቀራል፤ እሷም ትሞታለች። ብትሳሳትም ባትሳሳትም መመለሻ የላትም፤ ጊዜ ወስዳ የምታመሳክርበት መንገድም የላትም። እኛ ግን መጠየቅ እንችላለን፤ ስልክ መደወልና ሦስተኛውን ማጣሪያ መጠበቅም እንችላለን። በሚቀጥለው ጊዜ «ፀጉረ ልውጥ ተያዘ» የሚል መልእክት ስልካችሁ ላይ ሲመጣ፣ ከማስተላለፋችሁ በፊት 509ኙን አስታውሱ፤ ከእነሱ መሐል እውነተኛው 9 ብቻ ነበር።